አንድ ኪቦርድ ለሁለት

ጀማሉና ታናሽ ወንድሙ ከማሉ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ በሽርክና ጫማ ይሸጡ ነበር። በ1999 ዓ.ም. አሮጌ ኮምፒውተር ከካርቱም አስመጡ። ሌላው ሰው በቴሌቪዥን የሚጫወተውን የድብድብ ጨዋታ በኮምፒውተር አስመስሎ የሚያጫውት ፕሮግራምም በሲዲ ገዙ። ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ፣ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል፣ በአንድ ኪቦርድ ላይ ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣሉ፤ ጀማሉ በግራ፣ ከማሉ በቀኝ።

«ወንድምዓለም፣ አንተ ጫማህን ብትሸጥ ይሻልሃል» ይላል ከማሉ ባሸነፈ ቁጥር።

«ወሬህን ተውና ራስህን ጠብቅ!»

አንዳንዴ ጀማሉ የመጨረሻውን ምት ሊሰነዝር ሲል ጨዋታው ውስጥ የያዘው ሰውዬ ደርቆ ይቀርበታል። ቢጫን ቢጫን አይንቀሳቀስም። ልብ ብሎ ሲያይ፣ ያን ጊዜ ሁሉ ከማሉ ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ይዟል። አንድ ቀን ደንበኞች ቆመው ሲያዩ ይኸው ደረሰበት።

«አውቀህ ነው የምትይዝብኝ!»

«ወላሂ አልነካሁብህም።»

«ሀራሚ! ከእናቴ ሆድ ሌባ ይውጣ?»

ሱቅ ለተጋራ ሰው ይህ ስድብ የጨዋታ አይደለም። ከማሉ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከቁልፎቹ ላይ አነሳ። በማግስቱ የሱቁን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ወደ ከሰላ ከተማ ሄደ።

«ታላቁ እኔ ነኝ፤ እሱ ይደውል» እያለ ጀማሉ ሰባት ወር ቆየ።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ተበላሸና ጠጋኙ ያዕቁብ መጣ። ጠግኖ ሲያበቃ ጨዋታውን ከፍቶ በቀኝ በኩል ሦስት ቁልፍ ያዘ። «እስቲ ምታ» አለው። የጀማሉ ሰው ደርቆ ቀረ።

«ምን ሆነ?»

«ርካሽ ኪቦርድ እንዲህ ነው። ብዙ ቁልፍ አንዴ ከተያዘ ሌላውን አይሰማም። ለሁለት ሰው ሁለት ኪቦርድ ነው።»

«እና... ሌባ የለበትም?»

«የምን ሌባ?»

ጀማሉ በዚያው ቀን ሁለተኛ ኪቦርድ ገዛ። ከሰላ ውስጥ ለከማሉ ቤት ወዳከራየችው ሴትዮ፣ ወደ ባሕሪያ ደወለ።

«ወንድሙ ጀማሉ ነኝ፤ ከማሉን አገናኚኝ። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ልለው ነው።»

«አልሰማህም እንዴ? ወደ ሊቢያ ወጣኮ። ከዚያ የተሳፈረባት ጀልባ ባሕር ላይ ቀረች፤ አንድ የተረፈ ልጅ ነው ደውሎ የነገረኝ። ሲሄድ ያንተን ቁጥር ብጠይቀው፣ ‹ወንድምዓለም ራሱ ይደውላል› አለኝ።»

ለቀስተኛው ሲበተን ጀማሉ አዲሱን ኪቦርድ ሰክቶ በቀኝ በኩል፣ ባዶው በርጩማ ፊት አኖረው። የራሱን ሰው መረጠ። የከማሉንም መረጠለት። የጨዋታው ደወል ተደወለ።

ወደፊት ሲጫን ሰውዬው ተራመደ። ምንም የሚይዘው የለም። የከማሉ ሰው ቡጢውን አንስቶ፣ ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘ ቆሞ ይጠብቃል። ጀማሉ ወደኋላ መለሰው፤ አልመታም።

ሰዓቱ ቆጥሮ አለቀ። ማንም አልወደቀም። ኮምፒውተሩ እኩል ብሎ ጻፈና፣ ማንም ሳይነካው ሁለተኛውን ዙር ጀመረ።