ሰባቱ ያልተነዱ ቀኖች

እመኑኝ አልልም። ይልቅ እንወራረድ፦ እስከ መጨረሻው “ውሸት ነው” ሳይል ያዳመጠኝ ሳይክሌን ለአንድ ሳምንት ይነዳታል። መሀል ላይ የሳቀ ግን ሁለቱም ጎማው ይተንፍስ። ተስማማን? በሉ።

ሐምሌ አሥር ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ሐምሌ ዘጠኝ ማክሰኞ መጥቶ የጋሼ አንማውን በር አንኳኳ።

የከፈተችው ሚስቱ እትዬ የዝና ናት። ስምንተኛ ወሯን ይዛ ስለነበር አንድ እጇ ወገቧ ላይ ነው። በሩ ላይ የቆመው ረዘም ያለ ነው። ላስቲክ ደርቧል፣ ከላስቲኩ ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል። ግቢው ግን ደረቅ ነበር፤ ፀሐይ ወጥታለች።

“ማን ልበል?” አለችው።

“ማክሰኞ ነኝ።”

“ማክሰኞማ ትናንት አለፈ።”

“አላለፍኩም። እሱን ልነግራቸው ነው የመጣሁት። ጋሼ አሉ?”

ጋሼ አንማው ባሕር ዳር ውስጥ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ቀኑን ሙሉ ከቤት ቤት ስለሚዞር ቀጭን መሆን ነበረበት፤ አልሆነም። አምና ክረምት ሲወጣ ሐኪሙ ስኳሩ አፋፍ ላይ እንደቆመ ነገረውና መስከረም አንድ ቀን ሳይክል ጀመረ። ከቤቱ እስከ ዓባይ ድልድይ ስድስት ኪሎ ሜትር፣ ደርሶ መልስ አሥራ ሁለት፣ በየቀኑ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ። ሰው ሁሉ መስከረም ላይ ያቅዳል፣ ጥቅምት ላይ ይረሳል። እሱ አልረሳም። በጥምቀት ነዳ። በፋሲካ ዶሮው ሆዱ ውስጥ እየተንገጫገጨ ነዳ። ሚያዝያ ላይ ጠዋቱ ራሱ እንደ ምድጃ ሲግልም ነዳ።

እትዬ የዝና በተጋቡ በአሥራ አንድ ዓመታቸው ስታረግዝ ደግሞ ነገሩ ጠበቅ አለ።

“ስማ አንተ ሰውዬ” አለችው። “እኔ ይሄን ሆድ አንድ ቀን እንኳ አውርጄ ግድግዳ ላይ አላስደግፈውም። አንተም ሳይክሉን እንዳታስደግፍ። ልጄ የሚሯሯጥ አባት ነው የሚፈልገው።”

“እሺ” አለ። የነዳውንም በየቀኑ ደብተር ላይ ይጽፍ ጀመር።

ሐምሌ ዘጠኝ ጠዋት ግን ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የሚደፋ ይመስል ነበር። ጋሼ አንማው በመስኮት አየ፣ ብርድ ልብሱን ጎተተ፣ ተኛ። ሲነሳ ደብተሩን አውጥቶ “12” ብሎ ጻፈ። ክፋት አልነበረውም። ሥራው ላይ እንደዚያ ነው የሚደረገው፤ ሄደህ ቤቱ ዝግ ከሆነ ያለፉትን ወራት ታይና በግምት ትሞላለህ። አሥራ አምስት ዓመት እንደዚያ ሲሞላ አንድም ውሃ መጥቶ በሩን አንኳኩቶበት አያውቅም።

“በግምት ነው የሞላሁህ” አለ ማክሰኞን፣ ፒጃማውን እያስተካከለ።

“አይቻለሁ።”

“የአሥር ወር አማካይ ነው።”

“እኔ አማካይ አይደለሁም” አለ። “ማክሰኞ ነኝ።”

“ታዲያ ምን ላድርግህ?”

“ይንዱኝ። እስኪነዱኝ አላልፍም።”

“ነገ እነዳሃለሁ።”

“እሺ” አለ ማክሰኞ። ላስቲኩን አውልቆ በሩ ላይ ሰቀለና ሶፋው ላይ ተቀመጠ።

ነገ የራሱን አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ይዞ መጣ። ጋሼ አንማው እሱን ነድቶ ሲገባ ለማክሰኞ የሚሆን እግር አልተረፈውም። በማግስቱ ዓርብ ዘነበ፤ ጋሼ አንማው ተኛ፣ ሲነሳ “12” ጻፈ። ቅዳሜ ጠዋት ዓርብ አንኳኳ። ከዚያ ሐምሌ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስትና ሃያ አራት፣ ማለት ሰኞ ማክሰኞ ረቡዕ፣ በአንድ ጃንጥላ ስር ተጣበው መጡ። ነሐሴ ስድስት እያስነጠሰ ብቻውን መጣ። የመጨረሻው ነሐሴ አሥራ ሦስት ነው፣ ቡሄ። ጅራፉን አንገቱ ላይ ጠምጥሟል፣ ዱላ ይዟል። ገባ፣ በሩ አጠገብ ቆመ፣ ወለሉን በዱላው መደቅደቅ ጀመረ። አላቆመም።

ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሰባት ቀን ከባድ ነው። ዓርብና ረቡዕ ጾመኞች ናቸው። ነሐሴ ስድስትና ቡሄ ፍልሰታ ላይ ናቸው፣ ጾሙ ውጪ ከተፈታም በኋላ እነሱ አልፈቱም። የቀሩት ሦስቱ ይበላሉ፣ ያውም በደንብ። እትዬ የዝና በሁለት ድስት ትሠራለች። ሬዲዮው ሐምሌ ዘጠኝ አጠገብ ከተቀመጠ የሐምሌ ዘጠኝን ዜና ያወራል፣ ወደ ዓርብ ሲያስጠጉት የዓርብን። ጋሼ አንማው የኳስ ውጤት ለመስማት ሬዲዮውን ታቅፎ ግቢ ይወጣ ነበር።

“አንድ በአንድ ንዳቸውና ገላግለኝ” አለችው።

“ዝናቡ ያባራ።”

“ይሄ ልጅስ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል?”

ጠበቀ።

ነሐሴ ሠላሳ ጠዋት እትዬ የዝናን ምጥ ያዛት፣ እኩለ ቀን ላይ ለቀቃት። ጋሼ አንማው በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። ሰባቱ ቀኖች በሁለት ባጃጅ ተከተሉና አግዳሚ ወንበሩን ሞሉት። ቡሄ ቦታ አጥቶ ቆመ፤ ደቅ፣ ደቅ፣ ደቅ።

አዋላጇ ሲስተር ፋናዬ እትዬ የዝናን መረመረቻትና ጓንቷን አወለቀች።

“ሁሉም ደህና ነው። ልጁ እበሩ ድረስ መጥቷል። የሚገባበት ቀን ግን የለም።”

“ምን ማለት ነው?” አለ ጋሼ አንማው።

ሲስተር በእስክሪብቶዋ ወደ አግዳሚው አመለከተች። “ወረፋ አለ። እነዚህ ሳያልፉ ሌላ ቀን ለሷ አይደርስም። ነገ ለኛ ጳጉሜ አንድ ነው። ለሷ ነሐሴ ሠላሳ ነው። ተነገ ወዲያም እንደዚያው።”

“እስከ መቼ?”

“ልጁ እስከቻለ። እኔ እስከ ጳጉሜ አምስት እሰጠዋለሁ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ጥሩ አይደለም።” ካርዱን ዘጋችው።

ጋሼ አንማው ድምፁን ዝቅ አደረገ። “በግምት ምናምን… አይቻልም?”

“አማካይ ልጅ የለም ጋሼ” አለችውና ወደ ቤታቸው ሸኘቻቸው።

ጳጉሜ አንድ ጠዋት የዕለቱን አሥራ ሁለት ነዳ፣ ተመለሰ፣ ውሃ ጠጣ፣ ሐምሌ ዘጠኝን ከኮርቻው ኋላ መጫኛው ላይ አስቀመጠው።

“ከባድ ነህ።”

“ቆይቻለሁ” አለ ማክሰኞ።

ግቢውን እንደለቀቁ ዘነበ። በጋሼ አንማው ላይ ብቻ። ከተማው በሙሉ ፀሐይ እየሞቀ ነው፣ ዘንባባዎቹ ደርቀው ቆመዋል፣ አንድ ባጃጅ የሚያህል ዝናብ ግን በብስክሌት ፍጥነት ወደ ዓባይ ይሄዳል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ጎን ለጎን ሆነና አንገቱን አወጣ።

“ጋሼ! ምንድን ነው የሚዘንብብህ?”

“ሐምሌ ዘጠኝ።”

“እ… በርታ!” አለና አለፈው።

ድልድዩ ላይ ዞረ። ወደ ቤቱ መታጠፊያ ሲደርስ ኋላው በድንገት ቀለለ። ቢዞር መጫኛው ባዶ ነው፣ እርጥብ ነው። ከሰዓት ዓርብን ነዳ። በማግስቱ ሰኞንና ማክሰኞን ነዳ። ጳጉሜ ሦስት ሩፋኤል ነውና ሰፈሩ ሁሉ ዝናብ ሊጠመቅ ደጅ ወጥቶ ሽቅብ ያያል፤ ደመና የለም። ጋሼ አንማው የሐምሌ ሃያ አራትን ዝናብ ተሸክሞ በመሀላቸው አለፈ። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ገልጠው ሊገቡበት ሲሉ “ይሄኛው ጠበል አይደለም እማማ፣ የሐምሌ ነው” አላቸው። “አይ፣ ይቅርብኝ” ብለው ወደ ኋላ ተመለሱ።

ጳጉሜ አራት ነሐሴ ስድስትን ነዳ። ማታ ጉልበቱ ዳቦ አክሎ ነበር። እትዬ የዝና በየጠዋቱ ታምጣለች፣ በየቀትሩ ይለቃታል። ያን ቀን ግን ሲለቃት ከንፈሯ ነጥቶ ቀረ። ሆዷ ላይ እጁን አሳረፈ። እርግጫው ከትናንት ይልቅ ቀስ ያለ ነበር።

ጳጉሜ አምስት የዕለቱን ነድቶ ሲገባ ቡሄ ብቻ ቀርቷል።

“ተነስ እንሂድ።”

ደቅ፣ ደቅ። “አልሄድም።”

“ምን ሆነህ?”

“አልሄድም።”

ለመነው። ክንዱን ይዞ ጎተተው፤ ቀን አይጎተትም። ሊሸከመው ሞከረ፣ ጉልበቱ ከዳው። ስልኩ ጮኸ፤ ሲስተር ፋናዬ ናት።

“ጋሼ፣ ዛሬ የመጨረሻው ነው።”

“አውቃለሁ። አንዱ እምቢ አለኝ።”

“የትኛው?”

“ቡሄ።”

እትዬ የዝና ከአልጋዋ ሰማች። በክርኗ ተደገፈች።

“አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ቡሄ ከመጣ ስንት ቀኑ ነው?”

“ሃያ ሁለት።”

“ሃያ ሁለት ቀን ደጃችን ላይ ሲጨፍር ሙልሙል የሰጠው አለ?”

ጋሼ አንማው አሰበ። ሽሮ ሰጥተውታል። ምስርም ሰጥተውታል፣ ጋቢም አልብሰውታል። ሙልሙል አልሰጡትም። ቡሄ ደግሞ ሙልሙሉን ሳይቀበል ከደጅ አይነቃነቅም፣ ከተቀበለ ግን መርቆ መሄድ ግዴታው ነው። ይሄን ባሕር ዳር ውስጥ የአራት ዓመት ሕፃን ያውቀዋል። እነሱ እንደ እንግዳ እያስተናገዱት ረሱት።

“ዱቄት አምጣ” አለች።

ሳህኑን አልጋው ላይ ጭኗ መሀል አስቀመጠችው። ምጡ ሲመጣ ታቆማለች፣ ሲሄድ ታቦካለች። ሊጡ እስኪነሳ የሚጠበቅበት ጊዜ አልነበረም። ጋሼ አንማው ድብልብሉን ተቀብሎ ከሰል ላይ ጋገረው። ጠፍጣፋ ሆነ፣ አንድ ጎኑ አረረ። ለቡሄ በሁለት እጁ ሰጠው።

ቡሄ ዳቦውን ገለባበጠው፣ አሸተተው።

“ያልቦካ ነው” አለ።

“ያልቦካ ነው” አለች እትዬ የዝና ጥርሷን ነክሳ። “አንተም ያልተነዳህ ነህ።”

ዱላው ቆመ። ቤቱ ከሃያ ሁለት ቀን በኋላ ጸጥ ሲል ጎረቤቶች ምን ሆኑ ብለው ብቅ አሉ። ቡሄ መረቃቸው፤ ቤቱን፣ ከብቱን፣ የሌላቸውን እርሻ ሳይቀር መረቀ። ከዚያ ዳቦውን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ወጣና መጫኛው ላይ ራሱ ተቀመጠ። ጎረቤቶቹ እትዬ የዝናን ደግፈው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷት።

ጋሼ አንማው በአንድ እግሩ ነው የነዳው ማለት ይቻላል። ኋላው ላይ ቡሄ ጅራፉን ያጮኻል፣ ባጮኸ ቁጥር ዝናቡ ይጨምራል። አስፋልቱ አይታይም። ድልድዩን በድምፁ ነው ያወቀው፤ ዓባይ ከታች ሲያጉረመርም ዞረ። ጤና ጣቢያው ጋ ሲደርስ ዝናቡ ልክ እንደ ቧንቧ ተዘጋ፣ መጫኛው ቀለለ፣ ጅራፉ ማንም ሳይዘው አንዴ ጮኸ። ወዲያው ውስጥ አንድ ሕፃን መለሰለት።

ሲስተር ፋናዬ ወጣች። “ሴት ናት።”

“ሁለቱም ደህና ናቸው?”

“ደህና ናቸው። ቀኑን ግን ምን ብዬ ልጻፍ? ራሷ ሲወጣ ነሐሴ ሠላሳ ነበር፣ እግሯ ሲወጣ ጳጉሜ አምስት።”

ጋሼ አንማው የራሱን ውሃ አራገፈ።

“ያየሽውን ጻፊ” አለ። “ሁለቱንም።”

በማግስቱ መስከረም አንድ፣ ረቡዕ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እናትና ልጅ ተኝተው ሳለ ጋሼ አንማው ሳይክሉን እየገፋ የግቢውን በር ከፈተ። አዲስ ልብስ የለበሰ አንድ ሰውዬ ሰላም አለውና መጫኛው ላይ ተቀመጠ። ከበሩ ጀምሮ በመንገዱ ዳር፣ ዓይን እስከሚያይ፣ ወደ ዓባይ ድልድይ ድረስ ሰው በተርታ ቆሟል፤ የአዲሱ ዓመት ቀኖች ናቸው። የቅርቦቹ ደረቅ ናቸው። ሩቅ ያሉት ላስቲክ ደርበዋል፣ እነሱ ጋ ይዘንባል። ሁሉም ሳይክሉን ያያሉ። መሀል ላይ፣ መጋቢት ወይ ሚያዝያ ይሆናል፣ አንዱ ብቻ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል።

“ያ ማነው?” አለ ጋሼ አንማው።

“የማይነዱት ቀን ነው። ሲደርስ ያገኙታል። ይንዱ፣ ረፈደ” አለ መስከረም አንድ።

ነዳ። በአጠገባቸው ሲያልፍ አንድ በአንድ ራሳቸውን ዝቅ እያደረጉ እጅ ነሱት። ጀርባውን የሰጠው ንቅንቅ አላለም። ጋሼ አንማው አልፎት ጥቂት ከሄደ በኋላ ፊቱን ለማየት ዞረ።

በዚያ በኩልም ጀርባ ነበር።

በሉ፣ እኔ ተናግሬያለሁ፣ አሁን ተራው የናንተ ነው። ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ፤ በማለዳ ለሚነሳም፣ ለማይነሳም።