ከጅረቱ ማዶ ያለችው ሕፃን

ኤፊ ማክአስኪል ከሜልበርን በአውቶቡስ ስትመለስ እግሯ አብጦ ጫማዋ አልወልቅ ብሏት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የአንዲት ሕፃን ስምና መቃብር ፍለጋ ተንከራታ፣ ዛሬም ባዶ እጇን ገባች።

ሕፃኗ የቅድመ አያቷ የማርሳሊ የበኩር ልጅ ናት። ከስኮትላንድ ሲመጡ መርከብ ላይ ተወለደች፤ እዚህ ቪክቶሪያ በገቡ በመጀመሪያው ብርድ ሞተች። በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ «ሕፃን» ከሚል ሌላ የተጻፈ የለም። የኤፊ እናት ልትሞት ስትል እጇን ይዛ፣ «ስሟን ፈልጊና ድንጋይ አቁሚላት» አለቻት። ኤፊም እሺ አለች። እሺ ማለት መቼ ይከብዳል!

ነገሩን ያከበደው ያ የተረገመ ጠብ ነው። በአገራቸው ፕሬስቢቴሪያን የተባሉት ፕሮቴስታንቶች ቄስ የሚሾመው ባላባቱ ነው፣ የለም ሕዝቡ ነው ተባብለው ለሁለት ተሰነጠቁ። እዚህ ቄስ የሚሾም ባላባት ቀርቶ ደህና ቤት የሠራ ሰው እንኳ አልነበረም፤ እነሱ ግን ጠቡን ከብርድ ልብሱ ጋር ጠቅልለው አመጡት። በደንቫር መንደር ከጅረቱ ወዲህ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ከጅረቱ ወዲያ ሌላ፤ የየራሱ ቄስ፣ የየራሱ መቃብር። በኋላ ታረቁ ተባለ። ሰዎቹ ታረቁ እንጂ መዝገቦቹ አልታረቁም፤ ገሚሱ ከተማ ሄደ፣ ገሚሱ ቁም ሳጥን ውስጥ ቀረ። ኤፊ የወዲህኛውን መዝገብ አንድ ገጽ ሳታስቀር አገላብጣለች። የወዲያኛውን? ኧረ ምን በወጣት! ማክአስኪሎች ከጅረቱ ማዶ ያለውን ደጅ ረግጠው አያውቁም።

«በቃኝ» አለች ለወንድሟ ለቶርኪል፣ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ። «ሐኪሙም መንገድ ይብቃሽ ብሎኛል። እማዬ ይቅር ትበለኝ።»

ቶርኪል ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አርባውን ዓመት የወዲህኛው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኖ ነው የኖረው። እያቃሰተ ተነሳና ምላጩን የሚያኖርበትን ቆርቆሮ አመጣ። ከውስጡ አንዲት አራት ማዕዘን የእርሳስ ብረት ቁራጭ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ኤፊ ምንነቷን ወዲያው አወቀች። ድሮ ሽማግሌዎች ምእመኑን መርምረው፣ ለጌታ ማዕድ፣ ለቁርባኑ፣ ይገባል ላሉት ሰው የሚሰጡት ምልክት ነው። ያልያዘ አይቀርብም፤ የያዘም ማዕዱ ላይ ሲቀመጥ ይመልሳል። እርሳሱ ላይ የተቀረጸው ግን የማዶው ቤተ ክርስቲያን ስም ነበር።

«ይሄ የማን ነው?»

«የማርሳሊ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው አንተ ጋ ያለው?»

«ሽማግሌ የሆንኩ ቀን አባባ ሰጠኝ። ጅረቱ ውስጥ ጣለው አለኝ። እሱንም አባቱ እንደዚያው ብሎት መጣል አቅቶት ነው። እኔም አቃተኝ።»

«አርባ ዓመት! አንተ ሰውዬ፣ እኔ በየአውቶቡሱ ስንገላታ እያየህ?»

«አፈርኩ፣ ኤፊዬ። ከእኛ ቤት ሴት ማዶ ሄዳ ለመነች እንዲባል አልፈለግሁም።»

«እንግዲያው እፍረትህን መቃብር ይዘኸው ግባ!» አለችና ራቷን ሳትበላ ተኛች።

ጠዋት ጅረቱን በእግሯ ተሻገረች። ዘንድሮ ዝናብ ጠፍቶ ደርቋል፤ መንገዱ አራት መቶ እርምጃ አይሞላም። የማዶውን ቁልፍ የያዙት ወይዘሮ ዊንተን ገና ስሟን ሲሰሙ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ማክአስኪል? በስንት ዘመናችሁ! ውሃው እስኪደርቅ ነው የጠበቃችሁት?»

ኤፊ ለመሳቅ እንኳ አቅም አልነበራትም። መዝገቡ ከቁም ሳጥን ወጣ። ሦስተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፤ «ኢሽቤል፣ የማክአስኪል ሚስት የማርሳሊ ኒኮልሰን ልጅ፣ ሰባት ወር፣ የታመመች። አባቷ በሰንበት የአሠሪውን በጎች ሸልቷል ብለው የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች ጥምቀት ስለከለከሏት፣ እናቷ ብቻዋን አመጣቻት። ተጠመቀች። ለእናቷም ምልክት ተሰጣት።» ዝቅ ብሎ፣ በዚያው እጅ ጽሑፍ፣ ከአራት ቀን በኋላ ቀብሯ ተጽፏል።

ማርሳሊ ምልክቱን አልመለሰችም፤ ማዕዱ ላይ አልተቀመጠችማ። ልጇን ማዶ ቀብራ ወደ ባሏ ተመለሰች፤ ልጇን ከከለከሏት ሽማግሌዎች ፊት ዕድሜ ልኳን እየተቀመጠች መዝሙር ዘመረች። ኤፊ ይሄ ሲገባት ወይዘሮ ዊንተን ፊት ሳታፍር አለቀሰች።

ቤት ስትገባ ቶርኪል ከትናንቱ ወንበር ላይ አልተነሳም።

«ስሟ ማነው?» አላት።

«ኢሽቤል። የከለከሏት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ዛሬ አንተ ወንበራቸው ላይ የምትቀመጠው።»

ቶርኪል ሊነሳ ወንበሩን ተመረኮዘ።

«ብቻዋን ናት?»

«አጠገቧ አንድ የእኛ ሰው የለም።»

«ጫማዬን አቀብይኝ።»

«አሁን? እኔ እግሬ አልቋል። ነገ እንሄዳለን።»

«ነገ ስንል አይደል መቶ ሠላሳ ዓመት የሆናት?»

ጎንበስ ማለት አይችልም። ኤፊ እያጉረመረመች ተንበረከከችና የጫማውን ማሰሪያ አሰረችለት። እሱ የእርሳሷን ምልክት ከጠረጴዛው አንስቶ ኪሱ ከተተ።

«እሷን ደግሞ ምን ልታደርጋት ነው?»

«የማዶዎቹ ማዕድ ላይ ተቀምጬ ለማርሳሊ ልመልስላት» አለ።