መሃል ወንዝ ላይ

ጎረቤቴ ጀልበኛው ሰውን ጉዳይ የሚጠይቀው መሃል ወንዝ ላይ ነው። መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ ያጋድምና ጀልባዋ ቀስ እያለች ስትዞር የልቡን ይናገራል። ከዚያ ተነስቶ የሚሄድ ሰው የለም። ሚስቱንም ለትዳር የጠየቃት እዚያው ነው። "ዋና ብችል ኖሮ ይሄኔ የሌላ ሰው ሚስት ነበርኩ" ትለኛለች።

ትልቁ ድልድይ በውጭ እርዳታ ሲሠራ ሲሚንቶውንም መሐንዲሶቹንም ያመላለሰው እሱ ነው። ሥራ የሚያሳጣውን ድልድይ በገዛ ጀልባው ጭኖ አሻገረ ማለት ነው። እኔም ቅር እንዳይለው ብዬ ይህንን ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።

የሚመኘው የድልድዩ ጥበቃ ሆኖ መቀጠርን ነበር። ቢሮ በሄደ ቁጥር ነገ ና ይሉታል። ቢሮ ደግሞ እንደ ወንዝ አይደለም፤ ሰው ባለጉዳይ አስቀምጦ ሹልክ ይልበታል።

የምረቃው ዕለት ድንኳኑም ሕዝቡም ሪባኑም በእኛ በኩል ነበር። የረጂው አገር እንግዳና የእኛው ሹም ግን በመኪና የደረሱት በወዲያ ማዶ ነው። ሪባን ሳይቆረጥ በድልድዩ ማለፍ አይሆንም ተባለ። አዘጋጆቹ ጥግ ይዘው ተንሾካሾኩና ጀልበኛው ተጠራ።

እንግዳና ሹም በአዲሱ ድልድይ ሥር በጀልባ ሲመጡ እናያለን። መሃል ላይ ሲደርሱ ጀልባዋ ቆመች። ሌላው ሰው ተበላሸች መሰለው። እኔ ገብቶኛል።

በኋላ እንደነገረኝ፣ ሥራውን እንዲሰጡት ሹሙን በትህትና ለመናቸው። ሹሙ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጃቸው እንደጨበጡ፣ ጉዳዩ ለሚመለከተው ክፍል ይቀርባል አሉት። ጀልባዋ ዞረች። እንግዳው ለምን እንደቆሙ ጠየቁ፤ ሹሙ ድልድዩን በደንብ እንዲያዩት ነው ብለው መለሱ። እንግዳው አመስግነው ፎቶ ማንሳት ጀመሩ። ጀልባዋ ደግማ ዞረች።

"ተቀጥረሃል" አሉት ሹሙ። "በቃ ቅዘፍ።"

አሁን የደንብ ልብስ ለብሶ ድልድዩ አፍ ላይ ይቀመጣል። ጀልባዋን ሊሸጣት ሲል ሚስቱ አሻፈረኝ አለች። የሚያፈሰውን ጣሪያ እንዲጠግን ድልድዩ መሃል ላይ ይዛ ብትጨቀጭቀው፣ እሺ እሺ እያለ ጥሏት ሄዶ ነበር። ባለፈው እሑድ ታዲያ ነፋስ ልቀበል፣ በጀልባ አንሸራሽረኝ አለችው። ደስ ብሎት ወሰዳት። መሃል ሲደርሱ መቅዘፊያውን ከእጁ ተቀበለችና ጭኗ ላይ አጋደመችው።

ዛሬ ጠዋት ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ሲመታ አገኘሁትና፣ ምነው ጎረቤት፣ ምን ተገኘ አልኩት።

"እኔም እኮ ዋና አልችልም" አለኝ።