የመጥረጊያው ጥይት ለምን ታጠፈ?

አንድ ጠመንጃ፣ ያው ጥይት፣ ያው አፈሙዝ፣ በአንዱ ክፍል አንበሳ በሌላው ክፍል ድመት የሚሆነው እንዴት ነው? ቶሎ አትመልሱ። ነገሩን ያበላሹት ቶሎ የሚመልሱ ሰዎች ናቸው። «ጨዋታ አይደል እንዴ፣ ምን ያስጨንቃል?» የሚል ካለም ይታገሥ። ቀኑን ሙሉ ሲታዘዝ የዋለ ሰው የሚያዝበት ብቸኛ ቦታ ጨዋታው ከሆነ፣ እዚያ የሚሠራበት ሥራ ቀልድ አይደለም።

ጥያቄው የሚዛን ጥያቄ ነበር። ሚዛን የሚሏት በአንድ የተኩስ ጨዋታ መሥሪያ ቤት የመሣሪያዎቹን ጉልበት የምታመጣጥን ሴት ናት። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ግን የትኛው ጠመንጃ ከየት ይድረስ፣ ምን ያህል ይጉዳ፣ ስንቴ ተኩሶ ይጉረስ የሚለውን የምትወስነው እሷ ስለሆነች ባልደረቦቿ ሚዛን አሏት፤ ስሙም ተጣብቆ ቀረ።

ጨዋታው ሁለት በር አለው። በአንዱ የሚገባው ከሥራ መልስ ትከሻውን ሊያፍታታ የመጣ ሰው ነው፤ የመዝናኛ ክፍል ይሉታል። በሌላው የሚገባው ደረጃ ሊወጣ፣ ስም ሊያስጠራ ጥርሱን ነክሶ የመጣ ነው፤ ይህ የፉክክር ክፍል ነው። ሰዎቹ አይገናኙም፣ መሣሪያው ግን አንድ ነው። ጣጣውም እዚህ ላይ ነው።

መጥረጊያ የሚሉት አጭር፣ አፈ ሰፊ ጠመንጃ አለ። የመዝናኛዎቹ «ይኼ ነገር ፈጀን፣ አዳክሙልን!» ይላሉ። የፉክክሮቹ «በዚህ እንኳን ሰው ዝንብም አይሞት፣ አጠንክሩልን!» ይላሉ። ሚዛን ከመዝናኛው ክፍል የሚመጣላትን ቁጥር ታያለች፤ እውነትም ይፈጃል። ታዳክመዋለች። በማግሥቱ የፉክክሮቹ አውራ፣ ንስሩ የሚሉት ወጣት፣ ሺህ ሰው በሚያየው ሥርጭቱ ላይ ብቅ ይልና «እዚያ ቢሮ ውስጥ ዓይን ያለው ሰው ጠፋ?» ብሎ ያፌዝባታል። ደግማ ታየዋለች፤ አሁንም ይፈጃል። ደግማ ታዳክመዋለች።

በመሥሪያ ቤቱ የቆየ ደንብ ነበር፤ የሚመዝን አይጫወትም። እጁ ለለመደው መሣሪያ ያደላል ተብሎ የወጣ ነው። ሲሰሙት ብልህ ይመስላል። ውጤቱ ግን ወጥ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ጨው እንዲጨምር ማድረግ ነበር፤ ሚዛን የምታመጣጥነውን ውጊያ አንድ ቀን እንኳ በዓይኗ አይታው አታውቅም።

ያየችው በእህቷ ቤት ነው።

ታላቅ እህቷ በሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ነርስ ናት። እሑድ ከሰዓት የክፍሉ ሰዎች በየቤታቸው ሆነው አብረው ይጫወታሉ። ሚዛን በሩን ስትገፋ እህቲቱ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ጆይስቲኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ የጆሮ ማዳመጫ አጥልቃ አገኘቻት።

«ግቢ፣ ግን አታናግሪኝ» አለቻት ዓይኗን ሳትነቅል። ከዚያ ወደ ማዳመጫው ዞራ ጮኸች፤ «በግራህ! በግራህ እኮ ነው ያልኩህ! ሐኪም ሆነህ ግራና ቀኝ አታውቅም? እናቶቹን እግዜር ይጠብቃቸው!»

ሚዛን ሳቀች፤ ከሳቋ መሐል ግን አንድ ነገር አቋረጣት። እህቷ በመጥረጊያው ተኮሰች፤ ተኩሱ የመስኮቱን ጠርዝ ነው የመታው። አጠገቡ የቆመው ሰውዬ ግን ዘፍ አለ።

«እታለም፣ ያ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የሞተው?»

«በጥይት ነዋ! በእኔ ጥይት!»

«የመታሽው መስኮቱን ነው።»

«ቅናት ነው የሚያናግርሽ፣ ሚጣ። ደግሞ ሳልነግርሽ» አለች እህቷ፣ አሁን ዙሩ አልቆ ማዳመጫውን እያወለቀች። ፊቷ እንደ ሙሽራ በርቷል። «ከመሥሪያ ቤታችሁ ደውለውልኝ ነበር። ከመዝናኛው ክፍል የመጥረጊያው አንደኛ ተኳሽ እኔ ነኝ አሉ! በተጫዋቾች ቀን መድረክ ላይ ከንስሩ ጋር ፊት ለፊት! በፉክክር ክፍል ደንብ! ለማዋለጃው ሰው ሁሉ ነግሬያለሁ። ለእማማም ነግሬያለሁ። ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹መኪና ማቆም አቅቶሽ አጥር የምታፈርሺው ልጅ፣ ዒላማ መምታት ከማን ወረስሽው?›»

ሚዛን አብራት ሳቀች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን ጥያቄውን ለራሷ ደገመችው። በእርግጥስ ከማን ወረሰችው?

በማግሥቱ ደንቡን ጣሰች። ቢሮ ገብታ፣ ማንም በማያውቀው ስም፣ የመዝናኛውን ክፍል በር ከፈተች። መጀመሪያ ላይ ጥይቱ ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር። ከዚያ ሆን ብላ ተሸነፈች፤ አደባባይ መሐል ቆማ ራሷን እንደ ጥንብ ለአሞራ ሰጠች። እንደገና፣ እንደገና። ከዚያ መጥረጊያውን አንስታ ከአንድ ባላጋራ ጎን ያለውን ባዶ ግድግዳ መታች። ሰውዬው ወደቀ። ከሟቹ ይልቅ የደነገጠችው ገዳይቱ ነበረች። በሩን መታች፤ ሰው ወደቀ። በርሜሉን መታች፤ ሰው ወደቀ። እንዲህ እያለች ማሸነፍ ስትጀምር ደግሞ ጥይቱ ቀስ በቀስ ቀናና ግድግዳን በግድግዳነቱ መምታት ጀመረ።

የተሸናፊን ጥይት የሚያጥፍ እጅ አለ። የማን እጅ ነው?

እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ የሚችለው አንድ ሰው ነበር፤ ድምፁ ከራሱ ከንፈር ስለማያልፍ ሹክሹክታ የሚሉት ፕሮግራመር። ሚዛን ወንበሯን እየጎተተች ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጥይት ሲታጠፍ አየሁ።»

ሹክሹክታ ቁልፎቹን መምታት አቆመ። «ማን አጫወተሽ?»

«መልስ አይደለም።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ፣ ከወትሮውም ዝቅ ብሎ። «ማገዣ ነው። ብዙ የተሸነፈውን ይደግፈዋል፤ ሲያገግም ይለቀዋል። መጥረጊያው ላይ በደንብ ጨመርኩት፤ አፉ ሰፊ ስለሆነ መታጠፉ አይታይማ። አለቃ ነው ያዘዘው።»

«እኔ ሳላውቅ?»

«አንቺ እንዳታውቂ። ‹ሚዛን ካወቀች ታወጣዋለች› አለ። ምቱ በተጫዋቹ ስም ነው የሚመዘገበው፤ ማገዣው የትም አይጻፍም።»

ሚዛን ከወንበሯ ተነሳች። ይህን ሁሉ ጊዜ ሌላ ሰው ጣቱን በጫነበት ሚዛን ስትመዝን ኖራለች ማለት ነው! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኼ ነው፤ ፈጂው ማገዣው ሆኖ ሳለ ጠመንጃውን ስትቀጠቅጥ ኖረች። የፉክክሮቹ ልጆች፣ ማገዣ በሌለበት ክፍል፣ በራሳቸው እጅ የሚተኩሱት ልጆች፣ ከጎረቤት ቤት በተሠራ ጥፋት መሣሪያቸው እንደ በሬ ተኮላሸ። እሷም ንስሩን «ጯሂ» ስትለው ኖራለች።

አለቃ ቢሮ ስትገባ አንኳኩታ አልጠበቀችም።

አለቃ ግን ሞኝ አልነበረም፤ ክፉም አልነበረም፤ እንዲያ ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር። «ቁጭ በይ» አላት። «መጀመሪያ ስንከፍት ምን ነበር? አዲስ ሰው ይመጣል፣ ይቀጠቀጣል፣ ይሄዳል። የቀሩት ጥርስ ያወጡት ብቻ ነበሩ። እነሱ ደግሞ እርስ በርሳቸው ተበላሉ። እኔ ያደረግሁት ደካማው እንዲቆይ ነው። ሕፃን ሲራመድ እጁን አትይዢም?»

«ሕፃኑ እጁ መያዙን ያውቃል፣ አለቃ።»

«ካወቀ ደስታው ይሞታል።»

እውነትም ይሞት ይሆን? ሚዛን ልትጠይቅ የመጣችው ግን ሌላ ነበር። «በተጫዋቾች ቀን ከንስሩ ጋር እንድትጋጠም የጠራችኋት ነርስ እህቴ ናት። የፉክክሩ ክፍል ማገዣ የለውም። አገር እያየ ልታዋርዷት ነው?»

አለቃ ተደናገጠ። ስሟን ያወጣው ቁጥሩ ነበር፤ ቁጥሩን ያሳበጠው ደግሞ እሱው፤ ራሱ ባጠመደው ወጥመድ ራሱ ገባ። ትንሽ አሰበና ፊቱ ፈካ። «አትጨነቂ! ለዚያን ቀን ብቻ ለእሷ እናበራላታለን።»

«ንስሩስ?»

«ንስሩ ወጣት ነው፤ ይችለዋል።»

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ሚዛን ሳትሰናበት ወጣች።

ለእህቷ ለመንገር ሁለት ቀን ፈጀባት። የነገረቻት የሆስፒታሉ ሠራተኞች መዝናኛ ክበብ ውስጥ፣ ሁለቱ ብቻ በተቀመጡበት ጠረጴዛ ነው። እህቷ እስከ መጨረሻው አላቋረጠቻትም። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣

«ሁሉንም?» አለች።

«ሁሉንም አይደለም። ግን ስንቱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።»

«ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ አድራለሁ፣ እዚህ ደግሞ አዝለው ያሸንፉልኛል! እንደ አሮጊት! እኔ የማላውቀውን አንቺ እያወቅሽ ‹በጥይቴ ነው› ስል ትስቂ ነበር?»

«ያን ቀን አላወቅሁም፣ እታለም። በእማማ ሞት!»

እህቲቱ ፊቷን አዙራ በመስኮቱ ስታይ ቆየች። ስትመለስ ቁጣዋ አልጠፋም፤ ግን ሚዛን ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ሌላ ነገር ከሥሩ ብቅ ብሏል፤ የተዘጋ ነገር ሁሉ ካልተከፈተ የማትተኛ ሰው ፊት።

«አጥፊውና ልየው።»

«ምኑን?»

«ማገዣውን። ያለ እሱ ምን እንደሆንኩ ልየው። እኔ የትኛዋ እንደሆንኩ አላውቅም እኮ!»

ሚዛን የቢሮዋን ላፕቶፕ ይዛ እህቷ ቤት ሄደች፤ ሹክሹክታ የሙከራውን ቅጂ ያለ ማገዣ ጭኖላታል። እህቲቱ ተጫወተች። ወደቀች። ተነሳች፤ ወደቀች። መስኮት መታች፤ መስኮት ብቻ ተሰበረ። «አቤት ጉዴ!» ትላለች። «አጥር ማፍረስ ነው የማውቀው ለካ!» ሚዛን ልትስቅ ትልና ታፍናለች። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ትከሻዋ ደነዘዘ፣ እህቲቱ ግን ጆይስቲኩን አልለቅ አለች። አንድ ጊዜ አንድ ባላጋራ ከደረጃው ሥር ሲወጣ ትንፋሿን ያዘች፤ ጠበቀች፤ እንደለመደችው ቶሎ አልተኮሰችም። ከዚያ መጥረጊያው ጮኸ። ሰውዬው ወደቀ።



«ይቺስ?» አለች እህቲቱ፣ ሳትዞር።

«ያንቺ ናት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ማንም አልነካሽም።»

እህቲቱ ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሁለት እጇን አየች፤ ወዲያና ወዲህ እያገላበጠች፣ ገና ከሱቅ እንደተገዛ ዕቃ። «ከዚያ ሁሉ ድል ይቺ ትበልጣለች» አለች። «ግን እውነቱን ልንገርሽ? ሰኞ ከሥራ ስመለስ ማገዣው ቢኖር አልጠላም። ደክሞኝ ነው የምገባው። የጠላሁት አለመጠየቄን ነው።»

የተጫዋቾች ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ፊት ለፊት የማዋለጃው ክፍል ሰዎች ያጨበጭባሉ፤ ከኋላ የንስሩ ጭፍሮች ያፏጫሉ። እህቲቱ መድረክ ላይ ወጣች፤ ጆይስቲኩን ሲሰጧት በእጇ መለሰችውና ማይክራፎኑን ተቀበለች።

«እኔ አንደኛ ተኳሽ አይደለሁም» አለች። ከዚያም ሳታለሳልስ የሆነውን ሁሉ ተናገረች፤ ማገዣውን፣ የታጠፈውን ጥይት፣ ዛሬም ለእሷ ብቻ ሊበራላት ታስቦ እንደነበር።

ንስሩ ከወንበሩ ተነሳ። ሁሉም እሷን ሊሰድባት ነው ብሎ ጠበቀ። እሱ ግን ወደ አለቃ ዞረ፤ «መጥረጊያውን ያዳከማችሁብን ለዚህ ነው? ጓደኞቼ በገዛ እጃቸው አፍረው ጨዋታውን ጥለው ሄደዋል!» አለ። ከዚያ ወደ እህቲቱ፤ «እትዬ፣ እርስዎን አይደለም።»

«ገብቶኛል፣ ልጄ።»

አለቃ እየተነሳ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ጥሩ ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በመድረክ አይፈታም፤ ቢሮ ገብተን በሰፊው እንወያይበታለን። አሁን ወደ ጨዋታው...»

«ቢሮ አንገባም!»

የጮኸችው ሚዛን ነበረች። ከሠራተኞቹ ረድፍ ተነሥታ ነበር፤ ሥራዋ በዚህች ደቂቃ እያለቀ መሆኑን ታውቃለች። አጠገቧ የተቀመጠው ሹክሹክታ አንገቱን ቢቀብርም፣ የሠራተኞቹን ማይክራፎን ከእግሩ ሥር አንሥቶ አቀበላት።

«መጥረጊያውን ያዳከምኩት እኔ ነኝ» አለች። «እናንተን አሳስቼ አይደለም፤ እኔም ተሳስቼ ነው። ሚዛኑ ላይ ጣት እንዳለ አልተነገረኝም። አለቃ፣ ቢሮዎ አስቀድሜ ገብቼበታለሁ፤ እዚያ የገባ ነገር አይወጣም። ደካማ ይታገዝ፤ አልቃወምም። ግን የሚታገዘው ይወቅ፣ ይጠየቅ፤ የማይፈልግ ያጥፋው፤ የአንዱ ክፍል እገዛም በሌላው ክፍል መሣሪያ ላይ አይቆጠር። ይህን ያደርጋሉ ወይስ አያደርጉም? ሰዎቹ ቁጭ ብለው ይሰማሉ። አዎ ወይም አይ ይበሉን፤ እዚሁ፣ አሁን፣ በማይክራፎን!»