ያልተወጋው የታለ?

የታላቅ እህቴ ባል የላቦራቶሪያችን ኃላፊ ነው። በፊቱ «ፕሮፌሰር» እንለዋለን፤ ዞር ሲል ግን «ሊቁ»። ቅጽል ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ አይቆጨኝም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንቁራሪቶቹን ሳረባ፣ አንድ ቀን እንኳ እጁን ውሃ ሲነካው አላየሁም።

ያን ሰሞን የእንቁራሪትን ዓይን የሚያበጀውን ጂን (ዘረመል) አገኘሁ ብሎ መሬት አልበቃው አለ። ሥራው እንዲህ ነው፦ ጂኑ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ አረንጓዴ የሚያበራ ነገር በቀጭን መርፌ እንቁላሉን እንወጋዋለን። ሽሉ ሲያድግ እንዲህ ያለውን ብርሃን በሚያሳይ ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ እናየዋለን። ያበራበት ቦታ ጂኑ የሚሠራበት ነው።

ሊቁ አጎንብሶ አየና ጮኸ። «ያውና! ጭንቅላቱ ሲያበራ አየሽው?»

አየሁት። ሽሉ ሁለመናው ያበራል፤ ሆዱማ ይብሳል። ሆዱ ውስጥ ያለው የእንቁላሉ አስኳል እኮ ማንም ሳይነካው በራሱ ያበራል።

«ፕሮፌሰር፣ ያልተወጋውም እንዲሁ ነው።»

«አንቺ እንቁራሪትሽን ጠብቂ!»

ከዚያ ፎቶውን ከአንገት በታች ቆርጦ ጣለው። እንቁራሪት አንገት የላትም፤ ሊቁ ግን አገኘላት።

ሥራውን ሊገመግሙ አንዲት ጠና ያሉ ተመራማሪ መጡ። አንድ ሰዓት ሙሉ ለፈለፈላቸው። ሲጨርስ «ያልተወጋው የታለ?» አሉ።

«አልቋል» አለ ፈጠን ብሎ።

«ኧረ አለ» አልኩና ያልተወጉት ሽሎች ያሉበትን ሳህን አመጣሁ።

ሴትዮዋ ሁለቱንም አዩ። ከዚያ እሱን ፊቱን እንዲያዞር አደረጉና ሳህኖቹን አቀያየሯቸው። «እስቲ የተወጋውን ይለዩልኝ።»

ሊቁ አየ፤ ደግሞ አየ፤ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። «ይሄ ነው!» አለ በመጨረሻ።

ሳህኑን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ከሥሩ በገዛ እጁ ጽሑፍ «ያልተወጋ» ይላል።

«ልጅቷ አቀላቅላው ነው!»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

ከሥራ ስወጣ እህቴ ደወለች። «ምን አድርገሽው ነው? ምሳ አልቀመሰም።»

«ምን አደርገዋለሁ እህትዓለም? ጠየቁት፣ መለሰ።»

«እዚህ ቤትም እንደዚያው ነው፤ ሳያይ ነው የሚያውቀው» አለችኝ። ያን ቀን ያዘንኩት ለእሷ ብቻ ነው።

ስለ ጂኑ ለኅትመት የላከው ጽሑፍ ውድቅ ተደረገ። ወር ሳይሞላ ሊቁ ተማሪዎች ፊት ቆሞ «በአስኳል ብርሃን እንዳትሸወዱ» እያለ ሲመክር ሰማሁት። አንዷ እጇን አውጥታ እንዴት እንደደረሰበት ጠየቀችው።

«በትዕግሥት» አላት።