የኔልዳ ቸርኬዎች

ኦርቪል ታኬት ጠዋት ከአልጋው እንደተነሳ፣ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ፣ ግቢው ውስጥ ከፒካፑ የፊት ግራ ጎማ ሥር ይንበረከካል። ጎረቤቶቹ "ይህን ያህል ጸሎተኛ መሆኑን አናውቅም ነበር" እያሉ ያሙታል። መለኪያውን ሲሰካ ጎማው ሺሽ ብሎ ትንሽ ንፋስ ይተፋል፤ ኦርቪል ቁጥሩን ያያል፣ ይሳደባል፣ ከዚያ መንፋት ይጀምራል። ማታ የሞላው ንፋስ ሲነጋ ግማሹ የለም።

ቸርኬዎቹን የገዛችው ሚስቱ ኔልዳ ናት። ሰባ ዓመት ሲሞላው፣ አእምሮዋ ገና ሳይከዳት፣ ተደብቃ በኢንተርኔት አዘዘችለት። ጥቁር ናቸው፤ ጠርዛቸው የሚያብረቀርቅ፣ ከጡረተኛ ይልቅ ለጎረምሳ የሚሆኑ። ቅዳሜ አስገጠማቸው። እሁድ ደግሞ ከመኪናው ጋር የመጡት የድሮዎቹ "ይሸጣል" ተብሎ ተጽፎባቸው መንገድ ዳር ተደረደሩ። በምዕራብ ቴክሳስ ደንቡ ይኸው ነው፤ አዲስ ያሰረ ሰው አሮጌውን አሳድሮ አያውቅም። ቀትር ሳይሆን ተሸጡ።

ከዚያ በኋላ ነው ኔልዳ መርሳት የጀመረችው። አሁን ቤት ውስጥ ባሏን አታውቀውም። "አንተ ሰውዬ" ነው የምትለው። ሾርባ ሲያቀርብላት "ባሌ ሲመጣ እበላለሁ" ትለዋለች። ኦርቪል ኦርቪል የሚሆነው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ፒካፑን በጓሮ አውጥቶ፣ ዞሮ፣ በዋናው በር ሲገባ። እነዚያን ቸርኬዎች ከበረንዳው ስታይ "ኦርቪል መጣ!" ብላ ብድግ ትላለች፤ አብረው አይስክሬም ሊበሉ ይሄዳሉ። አንድ ቀን የጎረቤት ቸርኬ ተውሶ ሞክሮ ነበር። አልተነሳችም። አጠገቧ ቆሞ ሳለ እስኪመሽ ድረስ እሱኑ ስትጠብቅ ዋለች።

ጎሚስታው ሩዲ ኦሊቫስ ቸርኬውን ከነጎማው ውሃ ገንዳ ውስጥ ነከረው። አረፋው የሚወጣው ከብረቱ ከራሱ ነበር።

"ሲፈጠር ጀምሮ በሽተኛ ነው፣ አለቃ" አለ ሩዲ። "ሲያቀልጡት አበላሽተውታል። ሌሎቹም ይከተሉታል።"

"ንፋሱን የሚይዝ ካላማዳሪ ውስጡ ብትከትበትስ?"

"በዚህ ጎማ? መንገድ ላይ ሊፈነዳብዎት! ይልቅ ዋስትና የለውም?"

"የዕድሜ ልክ ነው የሚለው።"

"የማን ዕድሜ?" ብሎ ሩዲ ሳቀ። ኦርቪል አልሳቀም።

ፋብሪካው የደረሰኙን ፎቶ ጠየቀ፤ ላከ። የአረፋውን ቪዲዮ ጠየቀ፤ ላከ። ከቸርኬው ጀርባ የተቀረጸውን ቁጥር ጠየቀ፤ ላከ፣ ደብዝዟል ተባለ፣ እንደገና ላከ። በየመልሱ መጨረሻ "ስለ ትዕግስትዎ እናመሰግናለን" ይላል። ትዕግስቱ ካለቀ ስንት ጊዜ ሆኖታል። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ብራይና የምትባል ልጅ ደወለች።

"ሚስተር ታኬት፣ የምሥራች! አራቱንም በዚያው ዓይነት እንቀይርልዎታለን። መጋዘን ውስጥ የቀሩት የመጨረሻዎቹ አራቱ ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ይቀረናል፤ ዋስትናው የገዢው ስለሆነ ሚስስ ታኬት በራሳቸው አንደበት ማረጋገጥ አለባቸው። ጥሪው ይቀዳል።"

"ልጄ፣ ባለቤቴ ታማለች። ትረሳለች።"

"በጣም አዝናለሁ። ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው።"

ኦርቪል የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ኔልዳ ጉልበት ላይ አስቀመጠው። ፈርቷል።

"ሚስስ ታኬት፣ የፒካፕ ቸርኬ ከእኛ ገዝተው ነበር?"

"ገዛሁ እንጂ!" አለች ኔልዳ ቀና ብላ። "ለኦርቪል ልደት ነዋ። ጥቁሮቹን። ያያቸው ቀን እንደ ሕፃን ነው የዘለለው።"

ኦርቪል ባርኔጣውን አወለቀ። ያን ቀን ታስታውሳለች ብሎ አላሰበም ነበር። እንባው መጣ።

"በጣም ጥሩ! ቸርኬዎቹን የነካካ ሰው አለ?"

"አለ እንጂ።" ኔልዳ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አንድ ሰውዬ አለ። በየጠዋቱ ተንበርክኮ ንፋሱን ሲያስወጣ በመስኮት አየዋለሁ። ሺሽ ሲል ይሰማኛል። ኦርቪል ይምጣ ብቻ!"

"ኔልዳ፣ እኔ እኮ ነኝ!"

"ይኸውልሽ፣ አሁንም እዚሁ ቆሟል" አለች ለስልኩ።

ብራይና ደነገጠች። "እሜቴ፣ ደህና ነዎት? ፖሊስ ልጥራልዎት?"

ነገሩን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ብራይና አመነችው፤ እንዲያውም አለቀሰች። ግን ጥሪው ተቀድቷል፤ ቅጂውን ሰምተው የሚወስኑት ሌሎች ናቸው። ሐሙስ ዕለት መልሱ መጣ። ዋስትናው በሰው እጅ የተነካካ ቸርኬን አይመለከትም፤ ፋይሉ ተዘግቷል። ስለ ትዕግስትዎ እናመሰግናለን።

ኦርቪል አንብቦ ሲጨርስ ወደ ግቢው ወጣ። የፊት ግራውን ነፋ። የፊት ቀኙም መጉደል ጀምሯል፤ እሱንም ነፋ። ከዚያ ፒካፑን በጓሮ አውጥቶ፣ ዞሮ፣ በዋናው በር ገባ።

"ኦርቪል መጣ!"

ደግፎ አስገባትና ቀበቶዋን አሰረላት። ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው።

"ኦርቪል፣ አንተ በሌለህበት አንድ ሰውዬ ጎማህን ያስተነፍሳል። ለፋብሪካው ነገርኩልህ።"

"ደግ አደረግሽ፣ የኔ ፍቅር።"

"ታዲያ ቀጡት?"

"ቀጡት" አለ ኦርቪል ማርሽ እያስገባ።