ዋጫ ያለው ኢሳያስ

ቦንጋ ውስጥ እትዬ አብርሆትን የማያውቅ እንኳ ስለ ግድግዳቸው ሰምቷል። ሌላው ጡረታውን ለቤቱ ክዳን ሲያውል፣ እሳቸው የማያውቁትን ሰው ፊት ይገዙበት ነበር። ሙሉብርሃን የሚባል የከተማው ሠዓሊ አለ። የገበያተኛውን፣ የማንኪራ ቀበሌውን ንብ አናቢ፣ የባጃጅ ሹፌሩን ፊት ይሥልና፣ ስክሪን በሚሉት እንደ ወንፊት በተወጠረ ጨርቅ ቀለም እያሳለፈ ወረቀት ላይ ያትመዋል። ከአንድ ፊት ሃያ ብቻ ያወጣል። ከሥሩ በእርሳስ ቁጥሩን ጽፎ ይፈርማል፤ ከዚያ ስክሪኑን አጥቦ ያጠፋዋል። በኋላ ቢለምኑት፣ ቢያለቅሱለት፣ ሃያ አንደኛ የሚባል ነገር የለም።

እትዬ አብርሆት ከሁሉም ፊት አንድ አንድ አላቸው። የሌላቸው የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ የገዛ ልጃቸው የኢሳያስ።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ! ያኔ ኢሳያስ ታትሞ ሲወጣ፣ «እማዬ፣ የኔን አትወስጂም?» ቢላቸው፣ «አንተንማ ጠዋት ማታ አይህ የለ! ደሞ በብር ልግዛህ?» ብለው ሳቁበት። እሱም ሳቀ።

ባለፈው ክረምት የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠና ልጁ ቀረ።

ፎቶማ ስልካቸው ውስጥ ሞልቷል። ግን ኢሳያስ ካሜራ ሲያይ እንደ ዳኛ የሚኮሳተር ልጅ ነበር። ሊስቅ ሲል የሚመጣበትን ያንን ፊት የያዘለት ሙሉብርሃን ብቻ ነው። እትዬ አብርሆት ያንን ፊት ፈለጉ። እንቅልፍም ምግብም እምቢ አላቸው።

ሠዓሊው ቤት ሄደው ቢጠይቁት አንገቱን ደፋ። «እትዬ፣ ስክሪኑ ታጥቧል። ህትመቶቹም አዲስ አበባና ውጭ አገር ገብተዋል። አንዱን ለራሴ አስቀርቼ ነበር፤ ኢሳያስ በሕይወት እያለ ባዛር ላይ አንዲት ከዋጫ ከተማ የመጣች ልጅ አይታው እንባዋ መጣ። አሳዝናኝ ሰጠኋት። ፀደንያ ትባላለች።»

«ታዲያ ዋጫ ሰማይ ቤት ነው እንዴ!» አሉና ወጡ።

ግድግዳቸውን አራቁተው፣ ያሏቸውን ፊቶች በሙሉ በፕላስቲክ ጠቅልለው ተሳፈሩ። ሁሉንም ትውሰድ፣ ልጄን ትመልስልኝ፤ ሐሳባቸው ይኸው ነበር።

ዋጫ ላይ ጠይቀው ቤቱን አገኙት። ፀደንያ በር ላይ የመጡበትን ስትሰማ ፊቷ ዐመድ መሰለ። ክንዳቸውን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደቻቸው።

«እትዬ፣ በማርያም ድምፅዎን ይቀንሱልኝ። ሰብሃት የሚባል ወንድም ነበረኝ። ደቡብ አፍሪካ ልግባ ብሎ ሲሄድ፣ ባዛር ላይ ያ ሥዕል ቁርጥ እሱን መስሎኝ ናፍቆት ገደለኝ፤ ለዚያ ነው የወሰድኩት። በኋላ መንገድ ላይ ሞተ የሚል መርዶ መጣ። አስከሬን የለ፤ የነበረችውን አንዲት ፎቶ ለፓስፖርቱ ብሎ ይዟት ሄዷል። ለቀስተኛው ምን አይቶ ያልቅስ? ሥዕሉን አውጥቼ ድንኳኑ ውስጥ አቆምኩት። አገሩ ሁሉ ሰብሃት ብሎ አለቀሰበት። እናቴም ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ ጥላውን ነው የምታየው። ልጄ ነው ብላ እስከዛሬ ታወራዋለች።»

የእትዬ አብርሆት ደም ፈላ። «የኔን ልጅ? የኔን ልጅ በሰው ስም አለቀሳችሁበት?»

«ይቅር ይበሉኝ፤ ሥዕሉ ላይ ያለው ልጅም መሞቱን አላወቅኩም።»

«እንግዲያው ይኸው!» ጥቅሉን ዘረገፉት። «ከነዚህ አንዱን ስቀዪላት! ካላየች ለሷ ምን ለውጥ አለው?» ነገሩ ገና አፋቸው ላይ ሳለ አፈሩ፤ ግን ቃል ከወጣ ወጣ ነው።

«እኔስ፣ እትዬ?» አለች ልጅቱ እያለቀሰች። «እኔ አያለሁ እኮ።»

ገፍትረዋት ወደ ቤት ገቡ። ኢሳያስ ግድግዳው ላይ ግራና ቀኙ ነጠላ ተሰቅሎለት፣ ሊስቅ ሲል ቆሟል። እጃቸውን ሰደው ክፈፉን ጨበጡ።

«ማነው?» አሉ ከመደቡ ላይ እትዬ ዘነበች፣ የፀደንያ እናት።

«ከቦንጋ የመጡ እንግዳ ናቸው፣ እማዬ» አለች ፀደንያ።

«ለልጄ ነው የመጣሽው? ታውቂው ነበር?»

እትዬ አብርሆት ነቅለው ቢወጡ የሚያቆማቸው አልነበረም። ልጃቸው ነው፤ ሐቃቸው ነው። እትዬ ዘነበች ግን ፊታቸውን ቀና አድርገው እየጠበቁ ነው።

«አውቀዋለሁ» አሉ በመጨረሻ።

«እስቲ ንገሪኝ። ከሄደ ወዲህ አየሁት የሚለኝ ሰው አላገኘሁም። እንዴት ያለ ነበር?»

«ገና ከበር ሳይገባ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ‹እማዬ ራበኝ› የሚል» አሉ እትዬ አብርሆት። «አሁን በልተህ አልወጣህም ወይ ሲሉት አንገት ላይ የሚጠመጠም።»

«እሱ ነው!» ብለው እትዬ ዘነበች ደረታቸውን መቱ። «እሱ ነው ልጄ! እውነትም ታውቂዋለሽ!»

የእትዬ አብርሆት እጅ ከክፈፉ ላይ ወረደ። መደቡ ላይ ተቀምጠው ሴትዮዋን አቀፏቸው። ቦንጋ ለቅሶ ላይ እንኳ እንደዚያ አልጮኹም። የልጃቸው ስም ከንፈራቸው ድረስ መጣ፤ ዋጡት።

«ወይኔ ሰብሃት!» አሉ። «ወይኔ ሰብሃት!»